የግድግዳችን ቀለምና የአባቶቻችን ጽሕፈት



ስለ ግድግዳ ቀለም ምን የሚጻፍ ነገር አለ ብላችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ ውስጥ በጥቁር ቀለም የተጻፈ አሮጌ ወረቀት ወይም ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይገኛል? ካለ፣ ግድግዳው ከታደሰ ወዲህ ያ ወረቀት የቆሸሸ መስሏችሁ አያውቅም? መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። «እኛ ዘንድ የለም» የምትሉም ብትሆኑ፣ ተጠቅልሎ ከሣጥን ሥር የተረሳ ይኖራችሁ ይሆናልና ጥቂት አብረን እንቆይ።

የምኖረው ደባርቅ ነው። ከጎንደር ተነስቶ ዳባትን ያለፈ መንገደኛ የሊማሊሞ ቁልቁለት ሳይጀምር የሚያገኛት ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣው መንገድም ከእኛው ይነሳል። ብርዳችን የታወቀ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ በር አንኳኩቶ የሚገባ ዘመድ ይመስላል። በመድረሳ ልጆች አስተምራለሁ። ቤቴም እንደ ብዙዎቻችሁ የጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ምርጊት፣ ከላይ ቆርቆሮ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሰፈራችን ቤት ማደስ በርትቷል። ቀድሞ በአመድና በእበት ይለቀለቅ የነበረው ግድግዳ አሁን ጀሶ ይለሰንና ዓይን የሚወጋ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ይሁን፤ ንጽሕናን የሚጠላ የለም። ነገር ግን በዚሁ መሐል አንድ ነገር ሲደጋገም አየሁ። አንድ ወዳጄ ቤት ብገባ፣ የአያታቸው የእጅ ጽሑፍ ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ ከገበያ የመጣ፣ በወርቅማ ፕላስቲክ የታተመ ጌጥ ተንጠልጥሏል። «የቀድሞውስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ወረቀቱ ቆሸሸብን፤ ከግድግዳው ጋር አልሄድ አለ» አሉኝ። በሁለተኛ ቤት ያንኑ ቃል ሰማሁ። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ወረቀቶቹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አልቆሸሹም። የተለወጠው ግድግዳው ነው።

ተራው የእኔ ቤት ሆነ። የትልቋ ልጃችን ኒካሕ ቀን ተቆረጠና ከጎንደር እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ሳሎናችን ብለን የምንጠራት አንዲት ክፍል መታደስ አለባት። በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በገዛ እጃቸው የጻፉት አየተል ኩርሲይ ነው። ሁለተኛው አንድ ባልንጀራቸው ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡላቸው የካዕባ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው።

ስለ ጽሑፉ ትንሽ ልንገራችሁ። አማቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያስተማሩ ሸኽ ነበሩ። ቀለሙን የሚሠሩት ራሳቸው ነው፤ ከምጣድ ሥር ጥላሸት ይፍቃሉ፣ የግራር ሙጫ ያሟሟሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ያጠላሉ። ብዕራቸው ሸንበቆ ነው። በሕይወታቸው ስንት ሺህ ሎህ እንደጻፉ አላህ ይወቀው፤ ግን ሎህ ይታጠባል። ልጁ ትምህርቱን ሲሸመድድ ሳንቃው ታጥቦ ለነገው ይዘጋጃል። ስለዚህ ከእኒያ ሁሉ ዓመታት ድካም በዓይን የሚታይ የቀረን ይህቺው አንዲት ወረቀት ናት። ወረቀቷ ወፈር ያለች፣ እንደ ላም ቅቤ ቢጫ ያደረባት ናት።

ባለቤቴ የሸኹ ልጅ ናት። የቀለሙ ነገር በተነሳ ዕለት፣ «የልጆቼ አባት፣ የአባቴን ወረቀት አንስተን ሣጥን እናግባት መሰለኝ። እንግዳ መጥቶ የቆሸሸ ወረቀት ሰቀሉ ከሚለን» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ምጣዱ አዙራ ነበር። እኔም ምንም አልመለስሁላት። ግድግዳውን እንዴት ብንቀባ ነው ወረቀቷ ባለችበት የምትቆየው የሚለውን ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማሰላሰል ያዝሁ።

በቤታችን የቀለም ምርጫ እንደ ሹራ ጉባኤ ነው። ወንዱ ልጄ «ነጭ ነው እንጂ፤ ለጥቁርና ነጭ ነገር ከነጭ ግድግዳ ሌላ ምን ይሆነዋል?» አለ። ሙሽራዪቱ ሰማያዊ ወደደች። ባለቤቴ አረንጓዴ አለች፤ አረንጓዴን ለመስጊድም ለቤትም እንደምንወደው ታውቃላችሁ። የሸኹ ባለቤት፣ ማለት ሴት አማቴ፣ ከመደባቸው ሳይነሱ «አፈሩ ምን ሆነና?» ብለው ዝም አሉ።

የልጄ አነጋገር ልክ ይመስላል፤ ብዙዎቻችንም የምናስበው እንዲያው ነው። ጥቁርና ነጭ ማለት ከሁሉም ቀለም ጋር ይስማማል፣ በተለይ ከነጭ። እስቲ ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ከልጃችሁ ደብተር አንድ ነጭ ቅጠል ገንጥላችሁ ከዚያ አሮጌ ወረቀት አጠገብ ያዙት። እኔ ይህን ባደርግ ደብተሩ በረዶ፣ የሸኹ ወረቀት ቅቤ ሆኖ ታየ። «ጥቁርና ነጭ» ስንል የለመድነው ነገር ነጩ ነጭ አይደለም ማለት ነው። ቅቤ ነው፣ ወይም የዝሆን ጥርስ ነው፣ ወይም አመድ ነው። ያንን ቅቤማ ወረቀት በረዶ በሚመስል ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት ዓይን ሁለቱን ያወዳድርና «ይሄ ቆሽሿል» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ምስክር አይሰማም።

ፎቶግራፉም ያው ነው። መዲናን በ1861 እ.ኤ.አ.፣ መካን ደግሞ በ1880 እ.ኤ.አ. ፎቶግራፍ ያነሳው ግብፃዊው የጦር መሐንዲስ ሙሐመድ ሷዲቅ ቤይ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ነበርና፣ ከእነዚያ ሥዕሎች መካከል ዛሬ የተረፉት ጥቁርና ነጭ ከመባል ይልቅ ቡናማና ክሬም ቢባሉ ይቀላል። የእኛይቱ ፎቶ እንደዚያ ያረጀች ባትሆንም በጠርዝ በጠርዟ ቡናማ ጀምራለች።

ዓይን እንዲህ የሚፈርደው ለምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ነገሩን ከሺህ ዓመት በፊት አይተው የጻፉት የእኛው ሰው ናቸው። በባስራ ተወልደው በካይሮ የሞቱት ኢብኑል ሀይሠም (ከ965 እስከ 1040 እ.ኤ.አ. ገደማ) ስለ ብርሃንና ስለ ማየት በደረሱት ትልቁ መጽሐፋቸው፣ አንድ ዓይነት ቀለም በነጭ ላይ ሲነጠብ ጠቆር ብሎ፣ በጥቁር ላይ ሲነጠብ ፈካ ብሎ እንደሚታይ አስረድተዋል። ቀለሙ ያው ነው፤ ጎረቤቱ ነው የለየው። ወረቀታችንን ነጭ ግድግዳ ያጠቆረው ይኸው ነው።

ከእርሳቸው ብዙ ቆይቶ በፓሪስ የሆነውም ደስ የሚል ታሪክ ነው። ጎብላን በሚባለው የመንግሥት የሽመና ፋብሪካ ሚሼል ዩጂን ሼቭሩል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1824 እ.ኤ.አ. የቀለም ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ሸማኔዎቹ «ጥቁሩ ክር አይጠቁርም፤ ቀለሙ ደካማ ነው» እያሉ ያማርሩ ነበር። ሼቭሩል ክሩን ከሌላ አገር ጥቁር ክር ጋር አስተያየ፤ ጉድለት አላገኘበትም። በኋላ ሲደርስበት ችግሩ ክሩ አጠገብ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ዓይን የጎረቤቱን ቀለም ተቃራኒ ከራሱ አውጥቶ በጥቁሩ ላይ ያለብሰዋል። ይህን በ1839 እ.ኤ.አ. በትልቅ መጽሐፍ አወጣው። (ሰውዬው 102 ዓመት ኖሯል፤ በቀለም ሲያስብ የዋለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል መሰለኝ።)

እንግዲህ ይህንን ይዤ ወደ ሙከራ ገባሁ። ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለመንኩና እንደ መስገጃ የሚሰፉ አራት ቁራጮች አዘጋጀሁ። ግድግዳ ቀብቶ ከመጸጸት ካርቶን ቀብቶ መጣል ይሻላል፤ ኪስም አይጎዳ፣ ኢስራፍም የለበት። በአንዱ ነጭ፣ በአንዱ አረንጓዴ፣ በአንዱ ሰማያዊ፣ በአራተኛው ደግሞ አማቴ ያሉትን አፈር ከአመድና ከጥቂት ኖራ ጋር ቀላቅዬ ቀባሁ። አደራ፣ እርጥቡን አይታችሁ አትወስኑ። አፈርና ኖራ ሲደርቁ እጅግ ይነጣሉ፤ ሲቀቡ ያየኸው ጭቃ፣ ሲደርቅ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሃል።

ከዚያ ወረቀቷን ከነፍሬሟ አውርደን በየካርቶኑ ላይ አስደገፍናት። በጠዋት አየናት፣ በቀትር አየናት፣ ከዐስር በኋላ አየናት፣ ማታ በአምፑል አየናት። አምፑል ነገር ይለውጣል። የድሮው ክር አምፑል ሁሉን ነገር ወደ ቢጫ ይጎትታል፤ አሁን የምንገዛው ነጭ አምፑል ወደ ሰማያዊ ይጎትታል። መብራት ሲጠፋ የሚበራው የሶላር መብራት ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። በሱቅ ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ የተመረጠ ቀለም ቤት ገብቶ የሚከዳው ለዚህ ነው።

ያየነውን ልንገራችሁ። በነጩ ላይ ወረቀቷ የሻይ መነሻ ጨርቅ መሰለች፤ ልጄ ራሱ አፉን ያዘ። በሰማያዊው ላይ ቢጫነቷ ጎልቶ የታመመች መሰለች። በአረንጓዴው ላይ ወረቀቷ ወደ ቀይ አደላች፤ ጥቁሩ ጽሑፍም ዝገት ነገር ታየበት። ሼቭሩል ያለው መጣ ማለት ነው፤ የአረንጓዴ ተቃራኒው ቀይ ነውና። ባለቤቴ አረንጓዴዋን በመተዋ ቅር ቢላትም የአባቷን ጽሑፍ ዝገት አልብሳ ማየትን አልወደደችም። ለመጋረጃ እናድርገው ብለን ተስማማን።

በአፈርና በአመዱ ካርቶን ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የካርቶኑ ቀለም ከወረቀቷ ጠቆር ይል ነበርና ወረቀቷ በራች። ጥቁሩም ጥቁር ሆነ። አማቴ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከመደባቸው ሆነው ፊታቸውን ወደዚያ መለስ አደረጉና፣ «ይሄ ካፍ የሸኻችን ነው። እንዲህ ነበር ጭራውን የሚጎትተው» አሉ። ባለቤቴ ወጥ ልታይ ነው ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ወጡ ግን ገና አልተጣደም ነበር።

በኋላ ሳስበው እኛ በሎህ የተማርን ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረብን እላለሁ። ሎህ ነጭ ሆኖ አያውቅም። የማር ቀለም ያለው ሳንቃ ነው፤ በላዩ ላይ የጥላሸት ቀለም። ሌሊት በእሳት ብርሃን፣ ከጭስ ጋር እየታገልን፣ ያንን ጽሑፍ አንብበን ነው ያደግነው። ዓይናችን የለመደው ጥቁርን በመካከለኛ ቀለም ላይ ማየት ነው። በአማርኛችን መቀቢያውም ቀለም፣ መጻፊያውም ቀለም፣ ትምህርቱም ቀለም መባሉ የሚያስገርመኝ አሁን አሁን ነው።

«ታዲያ ሐረሬዎች ግድግዳቸውን ነጭ አድርገው እንዴት አማረላቸው?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጀጎል፣ የባሕላዊው ቤት ግድግዳ በኖራ የነጣ ነው፤ መደቡና ወለሉ ደግሞ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ነገር ግን በዚያ ነጭ ላይ የሚሰቀለው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ባለ ብዙ ኅብር ሞሰብና ስፌት፣ ያሸበረቀ ሣህን ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ለሆነ ነገር ነጭ ግድግዳ መልካም አስተናጋጅ ነው፤ ራሱን ደብቆ እንግዳውን ያሳያል። ያረጀ ወረቀት ግን እንግዳ ሳይሆን የነጭ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ጋር ሲተያይ ነው ማን እንዳማረበት፣ ማን እንደጎሰቆለ የሚለየው። የሐረርን ግድግዳ ወደ ደባርቅ አምጥተን የሐረርን ስፌት ካላመጣን ግማሹን ብቻ ነው የወሰድነው።

ካዕባንም አስቡ። የኪስዋው ጥቁረት የሚያስደነግጠው በነጭ እብነ በረድ መካከል ስለቆመ ነው። ደግሞ ኪስዋ ሁልጊዜ ጥቁር አልነበረም፤ በየዘመኑ ነጭም፣ ቀይም፣ አረንጓዴም ለብሳለች። በጥቁር የጸናው ከዐባሲዩ ኸሊፋ ከአንናሲር ዘመን (ከ1180 እስከ 1225 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። እዚያ ነጩም ጥቁሩም ንጹሕ ናቸውና ይስማማሉ። ከሱቅ ትናንት የወጣ፣ ነጩ እውነት ነጭ የሆነ ሥዕል ያላችሁ ሰዎች ነጭ ግድግዳ አያሳፍራችሁም። እኔ የምናገረው ስለ አሮጌው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «እንዲያ ከሆነ ግድግዳውን ጨርሰን እናጥቁረው፤ ወረቀቱ ይብራ» ይላል። በከተማ፣ መስኮቱ ሰፊ በሆነ ቤት እንዲህ ያደረጉ አሉ ይባላል። በእኛ አገር ግን አንድ ትንሽ መስኮት ባላት፣ በሐምሌ ጉም ቀኑን ሙሉ እንደ ምሽት በምትሆን ክፍል ጥቁር ግድግዳ ያለችውን ብርሃን ይጠጣታል። ወረቀቱም ብቻውን ሲያበራ ጽሑፉ ከኋላ ይቀራል፤ ዓይን ቀጫጭኑን መስመር ይስታል። መለኪያው ይህ ነው፦ ግድግዳው ከወረቀቱ ጥቂት ይጥቆር፣ ከጽሑፉ ግን እጅግ ይንጣ። የቀለሙ ዝንባሌ ደግሞ ወረቀቱ ወዳዘነበለበት ይሁን፤ ወረቀቱ ቢጫ ካደላ ግድግዳውም ቢጫ ያለበት አመድ፣ ፎቶው ወደ ግራጫ ካደላ ግድግዳውም ቢጫ የሌለበት አመድ። የምትመርጡት ጥቁሩን አይታችሁ አይደለም፤ ጥቁር ከማንም ጋር ይኖራል። ነጩን አይታችሁ ነው።

እኛ የመረጥነው ኖራ፣ ቢጫ አፈርና የተነፋ አመድ ነው። ለጭቃ ግድግዳ ከኖራ የተሻለ ወዳጅ የለም ብል አላጋነንሁም። የጎንደር ግንቦች በኖራ ተሠርተው ይኸው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት አለፋቸው። ኖራ ሲደርቅ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ መልሶ ወደ ድንጋይነት ይዞራል፤ ነገር ግን ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል። ፕላስቲክ ቀለም ጭቃውን እንደ ላስቲክ ያፍነዋል፤ ክረምት የጠጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ እንደ ቁስል ቅርፊት ያረግፈዋል። በሰፈራችን በሁለተኛው ክረምት ያልተላጠ የፕላስቲክ ግድግዳ አላየሁም፤ የጭቃውን ማለቴ ነው፤ የብሎኬቱ ሌላ ነው።

ለምትሞክሩት፦ ያልበረደ ኖራ ከሆነ ኖራውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ኖራ አታፍስሱ፤ ይፈላና ዓይን ያጠፋል። ልጆች አይጠጉ። ሲበርድ እንደ ወተት እስኪቀጥን አቅጥኑት፤ ወፍራሙ ይሰነጠቃል። አፈሩና አመዱ ተደምረው ከኖራው አንድ አሥረኛ ባይበልጡ ይመረጣል፤ ከበዙ ግድግዳው ልብስ ይነካል። ግድግዳውን ውሃ እርጭት አድርጉና ቀቡ፤ ይድረቅ፤ ደግሞ ቀቡ። እኛ አራት ጊዜ ቀባን። የፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ኖራ አይዝም፤ እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ያንኑ ነጭ ፕላስቲክ ገዝታችሁ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቢጫና ጥቁር ማቅለሚያ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ወደ አመድማ ማውረድ ትችላላችሁ። የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም አትምረጡ፤ ግድግዳው ያንጸባርቃል፣ የፍሬሙ መስታወት ያንጸባርቃል፣ ጽሑፉ መሐል ቤት ይቀራል።

የፍሬሙን ነገር አልረሳሁም። አናጺው በወረቀቷ ዙሪያ ነጭ ካርቶን ሊያደርግላት ፈልጎ ነበር። ከግድግዳው ያባረርነውን ነጭ በፍሬም አስገብተን ልናስጠጋው ነውን? ተውን። ከግድግዳው ጋር የሚቀራረብ ካርቶን አገኘን፤ ፍሬሙም ቀጭን የወይራ እንጨት ሆነ።

የሚሰቀልበትን ስፍራ ስንመርጥ ከብርሃኑ ይልቅ ያስፈራን እርጥበቱ ነበር። ከጥላሸት የተሠራ ቀለም በፀሐይ አይደበዝዝም፤ ወረቀቱ ነው የሚቢጨው። ውሃ ግን ያጥበዋል፤ ሎህን በየቀኑ ያጥቡልን የነበረው በምን ሆነና? ስለዚህ ዝናብ ከሚገርፈው የምሥራቅ ግድግዳ አነሳናትና ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ጎን እንጂ ፊት ለፊት ባልሆነ ቦታ አዋልናት። ከጓዳው በር ራቅ አደረግናት፤ ጭሱ አይደርስባትም። ከፍሬሙ በስተኋላ በአራቱ ማዕዘን የጠርሙስ ቡሽ ቆርጠን ለጠፍን፤ በወረቀቷና በግድግዳው መካከል አየር ያልፋል። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አንሰቅልም ብለን ሦስት ሳምንት በባለቤቴ ነጠላ ተጠቅልላ አልጋ ላይ ቆየች። ፎቶግራፏን ከጎኗ አላደረግናትም፤ ግራጫና ቅቤ ጎን ለጎን ሲሆኑ እንደገና መወዳደር ይጀምራሉና ለፎቷ ሌላውን ግድግዳ ሰጠናት።

ኒካሑ በሰላም አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ። ከጎንደር የመጡት እንግዶች ስለ ቀለሙ አንድም አላሉ። አንድ አዛውንት ብቻ ጫማቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ ቆም ብለው ጽሑፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡና የማን እጅ እንደሆነ ጠየቁ። የመለሰችላቸው ባለቤቴ ናት።

ከሦስቱ ቤቶች አንደኛዋ ባለቤት ከሰሞኑ መጥታ የአመዱን መጠን ጠየቀችኝ። የአያታቸው ወረቀት ከጤፍ ጎተራ ጀርባ ተገኝቷል፤ አንድ ጠርዙን አይጥ በልታዋለች እንጂ ጽሑፉ ደኅና ነው። የእነርሱ ግድግዳ ፕላስቲክ ነውና የጠርሙሱን ማቅለሚያ ጥቂት በጥቂት እንድትጨምር፣ መጀመሪያም በካርቶን ላይ እንድትሞክረው ነገርኋት። ካርቶኖቼንም አውሳኋት።